ራእይ ያለ ዋጋ፦ በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማ መንፈሳዊነት ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የሕዋ ጣቢያው አዛዥ ዓይኑ ይፈዛል፤ ማያው ነጭ ይሆናል፤ ከሩቅ የሚያስተጋባ ድምፅ «የተመረጥከው አንተ ነህ» ይለዋል። እስከዚህ ድረስ ማንም ይጽፈዋል። ጣጣው የሚመጣው አዛዡ ሲነቃ ነው፤ አሁን ምን ያደርጋል?

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ «ለሁሉም ነገር ምክንያት አለው» ብሎ ለተመልካቹ ቃል ይገባል። ምሥጢራዊው ዓለም ደግሞ ምክንያት የማይደርስበት ነገር አለ ይላል። ሁለቱን በአንድ ስክሪፕት ያዋለ ጸሐፊ ለሁለት ጌታ አድሯል፤ በተከታታይ ድራማ ደግሞ ተመልካቹ ሒሳቡን ለዓመታት ይዞ ይቆያል። ምሳሌዎቹ ከ1990ዎቹና ከ2000ዎቹ የአሜሪካ ድራማዎች የተወሰዱ ናቸው፤ ጉዳዩ በሰፊው የተሞከረው እዚያ ነውና። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ራእዩን በከዋክብት መሙላት

ራእይ ሲባል የብዙ ጸሐፊ እጅ የሚሮጠው ወደ ጋላክሲና ወደ ነበልባል ነው። ገንዘቡ ይወጣል፤ ተመልካቹ ግን ቅንጣት አይነካውም፤ ምስሉ የማንም ሕይወት ቁራጭ አይደለማ። «ስታር ትሬክ፦ ዲፕ ስፔስ ናይን» በ1993 ሲጀምር በሌላ መንገድ ሄደ። አዛዥ ቤንጃሚን ሲስኮ በሕዋ ዋሻ (ሁለት የተራራቁ የሕዋ ቦታዎችን በሚያገናኝ አቋራጭ) ውስጥ የሚያገኛቸው ፍጡራን የሟች ሚስቱን፣ የልጁንና የሚያውቃቸውን ሰዎች መልክ ለብሰው ይመጣሉ። ትናንትና ነገ የሚባል ነገር አያውቁም። እሱም ጊዜ እንዴት እንደሚሄድ በቤዝቦል ያስረዳቸዋል፤ ኳሷ ተወርውራ የት እንደምታርፍ ማንም አያውቅም፣ ጨዋታው የሚጥመውም ለዚህ ነው። እነሱ ግን ደጋግመው ሚስቱ ወደ ሞተችበት፣ ወደሚነደው መርከብ ይመልሱታል። ለምን ወደዚህ ታመጡኛላችሁ ብሎ ሲጮኽ፣ የሚያመጣቸው እሱ ራሱ እንደሆነ፣ የሚኖረውም እዚያ እንደሆነ ይነግሩታል። ጊዜ ወደፊት ነው የሚሄደው እያለ የሚያስተምረው ሰው ለ3 ዓመት ከአንዲት ቀን አልወጣም ነበር።

ይህን ከመሰለ ትዕይንት የሚወሰደው ትምህርት ተግባራዊ ነው። ለራእዩ 3 ምስል ብቻ ምረጡ። ሦስቱም ቀደም ባለ ተራ ትዕይንት ላይ የታዩ ይሁኑ፤ ቁልፍ፣ የተሰበረ ወንበር፣ የልጅ ጫማ። ርዝመቱ ከደቂቃ ተኩል አይለፍ። ከሦስቱ አንዱ በዚያው ክፍል ይፈታ፤ ሁለተኛው ከጥቂት ክፍሎች በኋላ፤ ሦስተኛው ለምዕራፉ መጨረሻ ይቆይ። በዚሁ ድራማ 5ኛ ምዕራፍ 10ኛ ክፍል ላይ ሲስኮ በባጆር ፕላኔት ላይ ያንዣበበ የአንበጣ መንጋ ያያል፤ መንጋው ባጆርን ትቶ ወደ ሌላ ፕላኔት፣ ወደ ካርዳሲያ ይነጉዳል። ካርዳሲያ ከጠላት ኃይል ከዶሚኒየን ጋር የምትዋሃደው በ15ኛው ክፍል ነው። አንበጣውን ትንቢት ያደረገው በመሃል ያለው ርቀት ነው። በሚቀጥለው ትዕይንት ቢፈታ ኖሮ የአየር ጠባይ ዘገባ በሆነ ነበር።

ተአምር ያለ ዋጋ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በ«ዲፕ ስፔስ ናይን» 6ኛ ምዕራፍ በሺዎች የሚቆጠሩ የዶሚኒየን መርከቦች በዋሻው ሊያልፉ ሲሉ ሲስኮ በአንዲት መርከብ ብቻ ይገጥማቸዋል። ፍጡራኑ ጣልቃ ገብተው የጠላትን መርከቦች ደብዛ ያጠፋሉ። በወረቀት ላይ ሲታይ፣ መውጫ ያጣ ጸሐፊ ከሰማይ ያወረደው ገመድ ነው። ያዳኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ሲስኮ አይለምንም፣ ይሟገታል፤ ባጆሮች አምላኮቻችን ይሏችኋል፣ እንግዲያው የአምላክ ሥራ ሥሩ ብሎ ይይዛቸዋል። ሁለተኛ፣ ዋጋው እዚያው ይነገረዋል፤ የባጆር ሰው ነህ፣ ባጆር ላይ ግን ዕረፍት አታገኝም ይሉታል። ይህ የተነገረው በኅዳር 1997 ነው። በሰኔ 1999፣ በመጨረሻው ክፍል፣ ባጆር ላይ ቤት የሚሠራበት መሬት ገዝቶ፣ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ትቶ ከፍጡራኑ ጋር ይሄዳል። ዕዳው ከ19 ወር በኋላ ተከፈለ።

ዋጋ ሲባል የአፍንጫ ደም፣ ራስ ምታት ወይም ተዝለፍልፎ መውደቅ አይደለም፤ እነዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ይድናሉ። ዋጋው ገጸ ባሕርይው ከመጀመሪያው የተመኘው ነገር መሆን አለበት። ተአምሩ በተፈጸመበት ክፍል ይነገር፤ የሚከፍለውም ተአምሩን የጠየቀው ሰው ይሁን። ምስኪን ረዳት አብራሪን ገድሎ «ዋጋ ተከፈለ» ማለት ማጭበርበር ነው።

ሰሙን ማቅለጥ

ለአማርኛ ጸሐፊ ይህ ቅኔ ቤት ያደረ ጉዳይ ነው። «ባትልስታር ጋላክቲካ» በ2003 በአጭር ተከታታይ ጀምሮ ከ2004 እስከ 2009 ሲታይ፣ ፕሬዚዳንት ላውራ ሮዝሊን ለብዙ ጊዜ እንደ ጥሩ ቅኔ ተጽፋለች። የጡት ካንሰር አለባት፤ ለሕመሟ ቻማላ የሚባል ዕፅ ትወስዳለች፤ በጋዜጣዊ መግለጫ መሃል ጠረጴዛው ላይ እባብ ሲርመሰመስ ታያለች። ሰሙ፣ መድኃኒት ያቃዣት በሽተኛ። ወርቁ፣ ሕዝቡን ወደ አዲስ ምድር መርታ ሳትገባ እንደምትሞት በቅዱስ መጽሐፍ የተነገረላት መሪ። ሁለቱም ንባብ ይቆማል፤ የጦር አዛዡም ከሁለቱ አንዱን መርጦ መርከብ ማዘዝ አለበት። ጭንቁ ያለው እዚያ ነው።

መጨረሻው ላይ ግን ሰሙ ቀለጠ። አብራሪዋ ስታርባክ በ2007 ሞታ ትመለሳለች፤ ቆይቶ የራሷን አስከሬን ታገኛለች፤ በመጨረሻው ክፍል ሜዳ ላይ እያወራች ድንገት ትጠፋለች፤ ሌላ ቃል የለም። የሳይንቲስቱ የባልታር ራስ ውስጥ የኖረችው ሴትም ለዓመታት ወይ እብደት፣ ወይ ከጠላት የተተከለ መሣሪያ፣ ወይ መልአክ ልትሆን ትችል ነበር፤ በመጨረሻ መልአክ ብቻ ሆነች። ጥፋቱ እግዚአብሔር ድራማው ውስጥ መግባቱ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ስሙ ሲጠራ ነበር። አንደኛው ንባብ ያለ ክርክር ተነጠቀ፤ ያን ንባብ ይዞ ለዓመታት የተከተለው ተመልካች ባዶ እጁን ቀረ።

ወርቁን መጣልም ያው ኪሳራ ነው። ተአምሩ በመጨረሻው ደቂቃ «የኃይል ሞገድ ነበር» ተብሎ ከታሸገ፣ 40 ደቂቃ ያየነው ከንቱ ሆነ። በ«ስታር ትሬክ፦ ቮየጀር» የ1996 አንድ ክፍል ላይ ካፒቴን ጄንዌይ ራሷን የሳተች ባልደረባዋን ለማዳን የባዕድ ሕዝብ ሥርዓት ትፈጽማለች፤ ድንጋይ ትይዛለች፣ ገደል ትወጣለች፤ በኋላ ያ ሁሉ ትርጉም እንደሌለው፣ ፈተናውን የፈጠረችው እሷው እንደሆነች ይነገራታል። በሽተኛዋ ስትድን የመርከቡ ሐኪም የተሟላ ሳይንሳዊ ማብራሪያ ይሰጣል። ማብራሪያው ስንዝር ስህተት የለበትም። ካፒቴኗ ታዳምጣለች፤ ፊቷ ላይ ግን እርካታ የለም። ማብራሪያውም ምሥጢሩም ሳይነኩ ቆሙ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ድንቅ ነገር በማስታወሻ ደብተር ሁለት መስመር ክፈቱ፤ ሰም፣ ወርቅ። ለእያንዳንዱ መስመር የሚከራከር አንድ ገጸ ባሕርይ መድቡ። ተጠራጣሪው ጅል፣ አማኙም ሞኝ ከሆነ መስመሩ ሞቷል።

አብርሆትን የማዕረግ ዕድገት ማድረግ

«ስታርጌት ኤስ ጂ 1» በ2002 ዳንኤል ጃክሰንን በጨረር ተመርዞ ሊሞት ሲል ሥጋውን ትቶ ወደ ንጹሕ ኃይል እንዲያርግ አደረገው። ያረገ ሰው ሁሉን ከቻለ ድራማው አለቀ፤ ስለዚህ ጸሐፊዎቹ ያረጉት በታችኛው ዓለም ጉዳይ እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ አወጡ። ሕጉ የሚሠራው ሲጣስ ነው፤ ዳንኤል ወዳጆቹን ሊያድን እጁን ሲያነሳ መሰሎቹ ይይዙታል፣ የሚወዳት ፕላኔትም ትጠፋለች። ይህን ዓይነት ሕግ ከዕርገቱ በፊት ጻፉት፤ በኋላ የተጨመረ ሕግ ጥገና ይመስላል።

እንዲያም ሆኖ የበለጠው ምሳሌ «ባቢሎን 5» ውስጥ ያለው አምባሳደር ጂካር ነው። (ድራማውን የፈጠረው ጄ. ማይክል ስትራዚንስኪ ራሱን አምላክ የለሽ ብሎ የሚጠራ ነው፤ ከ110 ክፍሎች 92ቱን ጽፏል። ከአማኝ ጸሐፊዎች በላይ ሃይማኖትን በክብር የያዘው እሱ መሆኑ ሊያስገርም ይገባል።) ጂካር በሦስተኛው ምዕራፍ አእምሮን የሚከፍት አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ የጠላቱን የሎንዶ ሞላሪን አእምሮ በጉልበት ሰብሮ ይገባል። ራእዩ የሚመጣለት በዚያች የጭካኔ ሰዓት ነው፤ የሞተ አባቱን ያያል፤ በቀል ሕዝቡን እንደማያድን ይገባዋል። ይህም ከቅጣት አያድነውም፤ 60 ቀን ይታሰራል፣ እዚያም መጻፍ ይጀምራል።

ፈተናው ከጥቂት ክፍሎች በኋላ ይመጣል። አምባሳደር ዴሌን ሕዝቡን ካስጨረሰው ኃይል ጀርባ ማን እንዳለ እያወቀች ዝም ማለቷን ትነግረዋለች። ጂካር ዝምታው ለምን እንደነበር ይረዳል፣ ከእሷና ከባልደረቦቿም ጋር ይሠራል፤ ይቅርታውን ግን ለዛሬ አልችልም ይላል። እዚያው ይቅር ቢላት ሐውልት ይሆን ነበር። ልክ እንደዚህ፣ ራእይ ካየ ገጸ ባሕርይ በኋላ ከ3 እስከ 5 ክፍል ውስጥ የድሮ ማንነቱ የሚፈልገውን ነገር በሳህን አቅርቡለት፤ እጁ ይንቀጥቀጥ።

አንድ ፕላኔት፣ አንድ ሃይማኖት

መጻተኞቹ ሁሉ አንድ ካባ፣ አንድ ጸሎት፣ አንድ ሊቀ ካህናት። ይህን ስንፍና «ባቢሎን 5» በ1994 ቀልዶበታል፤ እያንዳንዱ ዘር ዋና እምነቱን እንዲያሳይ ሲጠየቅ፣ የምድሩ አዛዥ እንግዶቹን በረጅም የሰዎች ሰልፍ ፊት ያሳልፋቸዋል። የመጀመሪያው ሰው አምላክ የለሽ ነው፤ ከዚያ ካቶሊኩ፣ ሙስሊሙ፣ አይሁዱ ይቀጥላሉ።

እምነቱ ማኅበራዊ መዘዝም ይኑረው። በ1996 በ«ዲፕ ስፔስ ናይን» አንድ የጥንት ባለቅኔ ከዋሻው ወጥቶ የአምላክ መልእክተኛ ነኝ ሲል የጥንቱን የዘርና የሥራ መደብ ይመልሳል፤ ሥራቸው «ርኩስ» የተባለ ሰዎች መጠቃት ይጀምራሉ፣ አንዱ በካህን እጅ ይሞታል። ሃይማኖት ስትፈጥሩ ይህን መልሱ፤ ማን ከማን ጋር አይበላም? ካህኑን ማን ያበላዋል? እነዚህን የማይመልስ እምነት ጌጥ ነው።

ከእውነተኛ ሕዝብ በጥቅሉ መቅዳት

የ«ቮየጀር» ምክትል አዛዥ ቻኮቴይ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ተብሎ በ1995 ቀረበ። አማካሪ የተደረገው ጃማኬ ሃይዋተር ሲሆን፣ ነባር ተወላጅ ነኝ ማለቱ ሐሰት መሆኑ ገና በ1984 በጋዜጦች ወጥቶ ነበር። ውጤቱ ከየትኛውም ሕዝብ ያልሆነ፣ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት የተለቀመ መንፈሳዊነት ሆነ። በአማርኛ ለሚጽፍም ወጥመዱ ቅርብ ነው፤ ግዕዝን የመጻተኛ ቋንቋ፣ ጠልሰምን የመርከብ ጌጥ ማድረግ ቀላል ነው። ጠልሰሙ በሽተኛ በቁመቱ ልክ በብራና አጽፎ የሚይዘው ነገር መሆኑን የሚያውቅ ግን ከጌጥ የሚሻል ታሪክ አለው።

የጥበበኛው እንቆቅልሽ

አዋቂው በምሳሌ ብቻ ሲያወራ ይሰለቻል። የ«ባቢሎን 5»ው ኮሽ የሚሠራው አጭር ስለሆነ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አያልፍም፣ በአንድ ክፍልም ጥቂት ጊዜ ብቻ ይታያል። የጥበበኛችሁን ንግግር ግማሹን ሰርዙ፤ ከዚያ የቀረውን ግማሽ።

ተከታዮቹን መርሳት

ራእዩ ካለፈ በኋላ ሌሎች ሰዎች ይዘውት ይሄዳሉ፤ አብዛኛው ድራማ እዚህ ሳይደርስ ያበቃል። የጂካር የእስር ቤት ጽሑፍ በ5ኛው ምዕራፍ ያለ ፈቃዱ ታትሞ ይጠብቀዋል፤ ተከታዮቹ በሩ ላይ ተሰልፈዋል። ታትሞ የወጣው ቅጂ ላይ አንድ ክብ ምልክት አለ፤ በረቂቁ ላይ ሰው የቡና ኩባያ አስቀምጦበት የቀረ ነው። ተከታዮቹ ግን ከመጽሐፉ አንዲት ነጥብ ላለማጓደል በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ አትመውታል። የትዕይንት ዕቃዎችን ለሚያዘጋጀው ክፍል የሚሰጠው ትእዛዝ አጭር ነው፤ ብዙ ቅጂ መጽሐፍ፣ በሁሉም ላይ በአንድ ገጽ፣ በአንድ ቦታ፣ አንድ የኩባያ ክብ።