«ክኒኑ አደነዘዘኝ» ብሎ መጣልና ሌሎች ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ከአንድ የመድኃኒት መስኮት ጀርባ መቆም ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች የጎንዮሽ ጉዳትን ይፈራሉ፤ መፍራታቸውም ትክክል ነው። የሚያናድደኝ ፈርተው የሚያደርጉት ነገር ነው።

ዋናውና ደሜን የሚያፈላው ስህተት ሳይነግሩን ማቋረጥ ነው። ፌኖባርቢታል ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ የሚሰጥ ርካሽ መድኃኒት ነው። እንቅልፍ ያመጣል፣ ያደነዝዛል፤ ይህን የሚክድ የለም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሰውነት በጥቂት ሳምንታት ይለምደውና ድብታው ይቀላል። ከዘጌ የሚመጣ አንድ ወጣት እነዚህን ሳምንታት መታገሥ አቃተው። ቡና ሲለቅም ከዛፉ ሥር እያንቀላፋ መሳቂያ ሆነና ክኒኑን ጣለው። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፤ ምንም አልሆነም። እንዲያውም ዓይኑ ተገለጠ፣ ምግብ ጣመው፣ ቤተሰቡም ደስ አለው።

ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ፌኖባርቢታል ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ግማሹ ብቻ ለመውጣት አራት ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ያቋረጠ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደህና የሚሆነው የተረፈው መድኃኒት እየጠበቀው እንጂ በሽታው ለቆት አይደለም። ልጁን በሳምንቱ ጣለው። አንዱ ሳያባራ ሌላው እየተከተለ በጀልባ ሐይቁን አሻግረው አመጡት። ሲንፈራገጥ ውኃው ውስጥ እንዳይገባ አራት ሰዎች ተጭነው ይዘውት ነበር። የሚንፈራገጥን ሰው ጨምድዶ መያዝ ትክክል አይደለም እያልን እናስተምራለን፤ ጣና ላይ ግን ሌላ ምን ያድርጉ? እናቱ «ዳነ ብለን ነበር እኮ ልጄ» ሲሉኝ መልስ አጣሁ።

ልጁ ተርፏል። ያልተረፉም አሉ። ድብታው ካስቸገራችሁ ኑና ንገሩን፤ መጠኑ ይቀነሳል፣ ሰዓቱ ይዛወራል፣ መድኃኒቱ ይቀየራል። ማቆም ቢያስፈልግ እንኳ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ፣ ብዙ ጊዜም በወራት ውስጥ ነው። ጠበል የሚሄዱትንም ክኒናችሁን ይዛችሁ ሂዱ እላቸዋለሁ። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ በአደባባይ መክረው ነበር፤ ለዚህኛው ክኒን የሚከለክልበት ምክንያት አይታየኝም። ጾም ከሆነ ደግሞ ፌኖባርቢታል ማታ አንድ ጊዜ የሚዋጥ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሚጾም ሰው ጋር አይጣላም። ጠዋትም ማታም የሚወሰድ መድኃኒት ያላችሁ ግን የጠዋቱን ከመዝለላችሁ በፊት አማክሩን።

የዚህ ስህተት ግልባጭም አለ፤ መቸኮል ሲገባ «ቀጠሮዬ ገና ነው» ብሎ መቀመጥ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡትን ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይን ወይም ፌኖባርቢታል በጀመራችሁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሰውነታችሁ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ይልቁንም ትኩሳት ካለው ወይም አፍና ዓይን ካቆሰለ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የሙቀት ሽፍታ ነው እያላችሁ ቅባት አትቀቡ። ቆዳን እንደ ቃጠሎ የሚልጥ ገዳይ ሕመም አጀማመሩ እንዲህ ነው።

ልጆች ላይ የማየው ስህተት የወላጅና የመምህር ነው። ፌኖባርቢታል ትልቁን ሰው ሲያስተኛ አንዳንዱን ሕፃን ግን ያቅበጠብጠዋል፤ ቁጭ አይልም፣ ይነጫነጫል፣ ትምህርት አይገባውም። ከዚያ «ባለጌ ሆነ» ተብሎ ይገረፋል። አለንጋውን አስቀምጡና ልጁን አምጡት።

ፌኒቶይን ድድን ያሳብጣል። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን ልጅ ካያችሁ ምን እንደምትውጥ ጠይቋት። ጥርስን በደንብ ማጽዳት እብጠቱን ያቀላል፤ ካልሆነም ሐኪሙ ይቀይርላታል።

ሴቶችን በሚመለከት ስህተቱ የእኛ የባለሙያዎቹ ነው፤ አንጠይቅም። ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል በክንድ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያና እንክብሉን ያዳክማሉ፤ በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን መርፌ ግን አይነኩትም። ሴትዮዋ ክንዷን ተማምና ስትኖር ታረግዛለች፣ ባል ይጠረጥራል፣ ቤት ይታመሳል። ቫልፕሮዌት የተባለው ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከዚህም የከፋ ነው። በእርግዝና ጊዜ ሲወሰድ ከዐሥር ሕፃናት አንዱ ገደማ የአካል ጉድለት ይዞ ይወለዳል፤ ከዐሥሩ ሦስት አራቱ ደግሞ በአእምሮ እድገታቸው ይቸገራሉ። እህቶቼ፣ መውለድ የምታስቡ ከሆነ ከማርገዛችሁ በፊት ኑ። አርግዛችሁ ከሆነም በድንጋጤ አታቋርጡ፤ መውደቁ እናትንም ሕፃንንም ይጎዳል። በዚያው ቀን ኑ።

አረቄና ፌኖባርቢታል አብረው አይሄዱም፤ ትንፋሽ ያቆማሉ። የተረሳን ክኒን በሚቀጥለው ጊዜ ደርቦ መዋጥም ክልክል ነው። ከፎገራም ከደምቢያም ወባ ይዟችሁ የምትመጡ፣ ክሎሮኩዊን ከመታዘዙ በፊት የሚጥል በሽታ እንዳለባችሁ ተናገሩ። አትፈሩ፣ አትደብቁም።

የራሴን ሳልናገር ብቀር ደግሞ ሐሰተኛ እሆናለሁ። ካርባማዜፒን የሚወስድ አንድ ልብስ ሰፊ ጉሮሮውን አሞት ኤሪትሮማይሲን ታዞለት መጣ። ወረፋው ረዝሞ፣ ሙቀቱ በርትቶ ነበር፤ ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ ብዬ ሳልጠይቅ ሰጠሁት። ኤሪትሮማይሲን ጉበት ካርባማዜፒንን እንዳይሰባብር ያግደዋል፤ የማይሰባበረው መድኃኒት ደግሞ ደም ውስጥ ይከማቻል። በሦስተኛው ቀን ሰውየው እየተንገዳገደ፣ አንዱን መርፌ ሁለት አድርጎ እያየ፣ ክር ማስገባት አቅቶት መጣ። ሰፈርተኛው በጠዋቱ ጠጣ ብሎ አምቶታል። ኤሪትሮማይሲኑ በሌላ መድኃኒት ሲተካለት በቀናት ውስጥ ተስተካከለ።

ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ የሰጠሁት ሰው የለም። ልብስ ሰፊው ይቅር ብሎኛል፤ መስኮቱ ጋ በደረሰ ቁጥር ግን አንድ ጣቱን ቀስሮ «ጋሼ፣ ይሄ ስንት ነው?» እያለ ወረፋውን ሁሉ ያስቅብኛል።