ፎቶው ወሎ ነው፣ ግን የት? የጉዞ ትዝታን ስናካፍል የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት የደሴ ዝናብ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ የድሮ ፎቶዎቼን ማገላበጥ ያዝኩ። ሃያ ዓመት ገደማ ወሎን ዞሬያለሁ። አንዳንዴ ለሥራ፣ አንዳንዴ ለንግሥ፣ አንዳንዴ ለሠርግ፣ አንዳንዴ እንዲሁ እግሬ እንዳመራኝ። ጥቂቱን ለዘመድና ለወዳጅ ላካፍል ብዬ ተነሣሁ። ያልተሳሳትኩት ነገር የለም። እናንተ እንዳትደግሙት በየተራ ልንገራችሁ።

ያለውን ሁሉ መዘርገፍ

በመጀመሪያው ቀን ቤተሰቡ ወዳለበት የቴሌግራም ግሩፕ 140 ፎቶ ላክሁ። ከሐረጎ ቁልቁል ኮምቦልቻን የሚያሳዩት ብቻ ሃያ ሦስት ነበሩ። ልዩነታቸው በአንዱ የመኪናው መስኮት መታየቱ፣ በሌላው አለመታየቱ ነው። ማንም ምንም አላለም። የእህቴ ልጅ ብቻ "ጋሼ፣ ዳታዬን እኮ ጨረሱት" ብሎ ጻፈልኝ።

አሁን መለኪያዬ ቡና ነው። ከአቦል እስከ በረካ ተጨዋውተንባቸው የሚያልቁ ፎቶዎች ከሆኑ ይበቃሉ። ከአንድ ቦታ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት።

"ውቢቷ ወሎ" ብሎ ማለፍ

ወሎ ሰፊ ነው። የላስታ ተራራም ወሎ ነው፣ የባቲ ቆላም ወሎ ነው። "ውቢቷ ወሎ" የተባለ ፎቶ አይቶ መሄድ የፈለገ ሰው ከየት ይጀምር?

እኔ ራሴ የአርዲቦን ፎቶ "ሐይቅ" ብዬ፣ ስሙ ራሱ ሐይቅ በሚባለው በሌላኛው ውሃ ስም ለጥፌ አፍሬያለሁ። ሁለቱም ተሁለደሬ ውስጥ ናቸው፣ ሁለቱም ውሃ ናቸው፣ ምን ልዩነት አለው ብዬ ነው። የዚያ አገር ሰው ግን ወዲያው ለየው። አርዲቦ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው፣ ከእሱ የሚወጣው ውሃ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ከፎቶው ሥር ብጽፈው ኖሮ ፎቶው ራሱ በተሻለ ነበር።

የቦታው ስም ብቻውንም አይበቃም። እህቴ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄዳ ያነሣቻቸው ፎቶዎች በሙሉ ከውጭ ናቸው። ያየው ሁሉ "ውስጡንስ?" ይላታል። ገዳሙ ሴት አያስገባም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ይህ ቦታ ድሮ ደሴት ነበር፣ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ነገ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህን ቀድሞ ማወቅ ከውሃው ውበት በላይ ይጠቅመዋል።

የካሜራውን ቀን ማመን

በዚህኛው ከአክስቴ ጋር ልጣላ ነበር።

አንድ የግሸን ማርያም ፎቶ አለኝ። የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ፣ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ፣ ዳገቱ ላይ አደይ አበባ። ስልኩ የሰጠው ስም 20181001 ይላል። እኔም ሳላስብ "ግሸን 2018" ብዬ ለጠፍኩት። የለጠፍኩት ደግሞ በእኛው 2018 ጥቅምት ላይ ነው! አክስቴ ደወለች። "ግሸን ድረስ ሄደህ ጠበል እንኳ ሳታመጣልኝ? ቢያንስ ቢያንስ አትነግረኝም?" አለችኝ። ያ ፎቶ እኮ የመስከረም 21 ቀን 2011 ነው። ሰባት ዓመት የሞላው ጉዞ መሆኑን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። እስካሁንም ሙሉ በሙሉ ያመነችኝ አይመስለኝም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከእኛ አዲስ ዓመት እስከ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጨረሻ ባለው ጊዜ ከፈረንጁ ዓመት ላይ 7 ይቀነሳል። ከፈረንጆቹ ጥር አንድ እስከ ጳጉሜን ደግሞ 8። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት ከተሞላ የጠዋቱ 7:30 የእኛ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ባትሪው ወልቆ የገባ አሮጌ ካሜራ ከሆነ ግን ቀኑ ጭራሹን ሊዛባ ይችላል። እንደዚያ ሲሆን ፎቶውን ራሱን ጠይቁት። የላሊበላው ቤተ መድኃኔዓለም ላይ ትልቁ መጠለያ ከሌለ ፎቶው መጠለያው በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከመሠራቱ በፊት የተነሣ ነው። እንዲህ ያለ ፎቶ ያላችሁ ሰዎች እንዳትደብቁት እለምናችኋለሁ።

አረንጓዴውን ማጋነን

የመስከረም ወሎ ፊልተር አይፈልግም። ጤፉ በቂ ነው። ሚያዝያ ላይ ደርቆ ያየሁትን ማሳ በስልክ አረንጓዴ ቀብቼ ባሳይ ለገበሬው ስድብ ነው። የጦሳ ተራራን ጉምም "ጥራት የለውም" ብላችሁ አትሰርዙ። ደሴን የሚያውቅ ሰው ደሴ መሆኗን የሚለየው በጉሟ ነው።

አንዲት ቅጂ ብቻ ይዞ መዞር

በአንድ ሜሞሪ ካርድ ላይ የነበረ የሁለት ዓመት ጉዞ ወልድያ መናኸሪያ ላይ ከኪሴ ጋር ሄዷል። ከዚያ ወዲህ አንዱን ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱን ሌላ ቤት አስቀምጣለሁ። ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ ፎቶ አድርጋችሁ ሳይሆን ፋይል አድርጋችሁ ላኩ። ፎቶ ተብሎ የተላከ ይጨመቃል፤ ሊያሳጥበው የፈለገ ሰው ደብዝዞ ይወጣበታል።

"አልረሳውም" ማለት

ትረሳዋለህ። ላሊበላ ለገና ሄጄ ቤዛ ኩሉ ሲባል ከላይም ከታችም የቆሙት ካህናት ዜማ ውስጤ ገብቶ ነበር። ዛሬ ፎቶውን ሳየው ነጭ ልብስ ብቻ ነው የሚታየኝ። ብርዱን፣ ከጎኔ ቆሞ ጋቢውን ያጋራኝን ሰውዬ፣ ከየት እንደመጣ የነገረኝን ሁሉ አልጻፍኩትም። ስሙን እንኳ አላውቅም።

አምባሰል ላይ ግን አንድ ብልሃት ሠርቻለሁ። አንድ እረኛ ሲያንጎራጉር በስልኬ አንድ ደቂቃ ቀዳሁ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው ከዚሁ አገር ነው፤ ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። አንድ ደቂቃዋን ከተራራው ፎቶ ጋር ሳሰማ ግን ሰው ዝም ይላል። የዚያን ዕለት ሁለት መስመር ማስታወሻም ጽፌ ነበር፤ ከፎቶዎቼ ሁሉ ሙሉ ታሪክ ያለው እሱ ብቻ ነው።

"እልክልዎታለሁ" ብሎ መጥፋት

ሰው ሳይጠየቅ አይነሣም። ይህን ብዙ አላብራራም፤ ማንም የሚያውቀው ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥዕል ላይ ፍላሽ እንደማይበራም እንዲሁ።

የሚረሳው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ባቲ፣ ሰኞ ገበያ፣ ቅቤ የሚሸጡ አንዲት እናት አነሣሁ። አስፈቅጃለሁ። "ይደርሰኛል ወይ?" አሉኝ። "በሚቀጥለው ሰኞ!" አልኩ። ፎቶውን ለስንቱ አሳየሁ፣ ስንቱ ወደደልኝ። ለእሳቸው ግን ሦስት ዓመት አልደረሳቸውም።

በኋላ ደሴ አሳጥቤ ይዤ ሄድኩ። እዚያው ቦታቸው ላይ ተቀምጠዋል። እንዴት ይቅርታ እንደምጠይቅ ስንተባተብ "አብሽር ልጄ" አሉኝና ፎቶውን ተቀብለው አራቁት፣ አቀረቡት። ከዚያ ከጎናቸው ወዳለችው ልጅ ዞሩ።

"ይቺን ሻሼን ማን ነው የወሰደብኝ?"