የምገባ መስፈርትን ከወረቀት ወደ ድስት እንዴት ማውረድ ይቻላል?

የሥነ ምግብ መስፈርት በግራም ይጻፋል፤ ወጥ ቤቱ የሚያውቀው ግን ጭልፋና ድስት ነው። በወሎ በአንድ ትምህርት ቤት የምገባ ኮሚቴ ውስጥ ካላችሁ ዋናው ሥራችሁ ግራሙን ወደ ጭልፋ መለወጥ ነው። ይህ ካልሆነ ቀድሞ የተሰለፈው ልጅ ጠግቦ፣ የመጨረሻው ቀጭን መረቅ ይዞ ይቀመጣል። ልጅን እንዲህ ማበላለጥ በደል ነው።

በመጀመሪያ የአንድ ልጅ ድርሻ ወስኑ። ለምሳሌ 120 ግራም ቅንጬ፣ 30 ግራም ጥራጥሬና 8 ግራም ዘይት አንድ ላይ ወደ 590 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣሉ፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በቀን ከሚያስፈልገው ሲሦ ያህል መሆኑ ነው። የሚመዘነው ጥሬው ነው።

ቀጥሎ አካባቢያችሁ የሚያበቅለውን ተመልከቱ። በደጋው ደላንታና ለጋምቦ ገብስና ባቄላ፣ በቆላው ቃሉና ቆቦ ማሽላና ማሾ ይገኛል። እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ በፕሮቲናቸው አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ልጅ በአንድ ወንበር በሚማርበት በወሎ ሥጋ የእርድ ጥያቄ ያስነሳል፤ ረቡዕና ዓርብም ጾም ነው። የምስር ወጥ ግን ሁሉንም በአንድ ማዕድ ያስቀምጣል። እንቁላል ከተገኘ ጾም በሌለበት ቀን ጨምሩ። በረመዳን ስንት ልጆች እንደሚጾሙ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን ጭልፋው። 1.2 ኪሎ ቅንጬ መዝናችሁ እንደ ወትሮው አብስሉ። የበሰለውን በአሥር ሳህን እኩል አካፍሉ፤ ከዚያ የአንዱን ሳህን ምግብ ልክ የሚይዝ ጭልፋ ወይም ጣሳ ፈልጉና ምልክት አድርጉበት። ወጡንም በ300 ግራም ጥራጥሬ እንዲሁ ለኩ። የምታበስል እናት በዓይኗ ገምታ እንድታካፍል አትተዉአት፤ ሸክሙ ከባድ ነው፣ ወቀሳውም በእርሷ ላይ ይወድቃል።

ጠዋት የዕለቱን ተማሪ ቁጥር ከየክፍሉ ሰብስቡ፤ በመዝገብ ያለው ቁጥር አይበቃም። 400 ልጆች ከመጡ 48 ኪሎ ቅንጬ፣ 12 ኪሎ ጥራጥሬና 3.2 ኪሎ ዘይት ይወጣል።

ባቄላውን ማታ ዘፍዝፉና ውኃውን ድፉ፤ ቶሎ ይበስላል፣ ማገዶም ይቆጥባል፣ በውስጡ ያለው የብረት ማዕድንም ከሰውነት ጋር ለመዋሃድ ይቀለዋል። ካሮት፣ ዱባ ወይም ጎመን በዘይት ይሠራ፤ ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት በሚገባ አይዋሃድም። አዮዲን ያለውን ጨው ምግቡ ሊወጣ ሲል ጨምሩ፤ የጨው ዕቃውም ክዳን ይኑረው። ቲማቲም ወይም ሎሚ ብረቱ እንዲዋሃድ ይረዳል፤ ሻይ ግን ከምግቡ ጋር አይቅረብ።

እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ምግቡ እንደ ጋለ ይቅረብ።

በየሳምንቱ ዓርብ በሳምንቱ ከመጋዘን የወጣውን ቅንጬ በየቀኑ በበሉት ልጆች ቁጥር ድምር አካፍሉ። ውጤቱ ከ120 ግራም በግልጽ ከራቀ መጀመሪያ ጭልፋውን፣ ቀጥሎ የመጋዘኑን ሚዛን መርምሩ።