የትንሽ ባለሸራ ጀልባ የወለል መስኮት እንዴት ይጠበቃል፣ እንዴትስ ይጠገናል?

ከመኝታ በላይ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ የጀልባን ባለቤት ከእንቅልፉ ሲቀሰቅሰው፣ በመጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ሲሊኮን ገዝቶ የሚታየውን ስንጥቅ ሁሉ መድፈን ነው። ይህ ችኮላ ጥገናውን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም። ውሃው የገባው ሌላ ነገር አስቀድሞ በከፈተለት መንገድ ነውና፤ መንገዱንም በአብዛኛው የሚከፍቱት ለዓመታት ክዳኑ ላይ ያረፈው የፀሐይ ጨረርና እጀታውን ከሚገባው በላይ የሚያጠብቀው የሰው እጅ ናቸው። ስለዚህ የሲሊኮኑን ቱቦ ከመክፈት በፊት መስኮቱ እንዴት እንደተሠራና ውሃውን የሚከለክለው ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል።

ባሕረኞች ሀች የሚሉት የወለል መስኮት በጀልባው የላይኛው ወለል ላይ ተገጥሞ ወደ ውስጠኛው ክፍል ብርሃንና አየር የሚያስገባ፣ በጭንቅ ጊዜም ሰው የሚወጣበት ባለክዳን ቀዳዳ ነው። በዘመናዊ ትናንሽ ጀልባዎች ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ሁለት የአሉሚኒየም ክፈፎች አሉት። የታችኛው ክፈፍ በብሎን ወለሉ ላይ ይታሰራል፤ የላይኛው ደግሞ መስታወት የሚመስለውን፣ አክሪሊክ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራውን ሰሌዳ ይዞ በማጠፊያ ይከፈታል። ውሃ የሚታገድባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው፦ በወለሉና በታችኛው ክፈፍ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ክዳኑ ሲዘጋ የሚጫነው የጎማ ማሸጊያ፣ እንዲሁም ሰሌዳውን ከክዳኑ ክፈፍ ጋር የሚያያይዘው ሲሊኮን። ሦስቱም የየራሳቸው በሽታና የየራሳቸው መድኃኒት ስላላቸው፣ የትኛው እንደታመመ ሳይለዩ መጠገን ገንዘብንም ድካምንም ያባክናል።

መጀመሪያ፦ ውሃው የሚገባበትን ቦታ ይለዩ

ለዚህ ሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ የእጅ ባትሪና ደረቅ የወረቀት መሐረብ ይዞ ከውስጥ ይቀመጣል፤ ሌላው ከውጭ በውሃ ጎማ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ውሃ ያፈስሳል። ማፍሰስ የሚጀመረው ከታች ነው። የታችኛው ክፈፍ ወለሉን የሚነካበትን ዙሪያ ብቻ ለ10 ደቂቃ ያህል ያርጥቡ፤ ከውስጥ ምንም ካልታየ ክዳኑ ወደሚገጥምበት መስመር ከፍ ይበሉ፤ በመጨረሻም ውሃውን ሰሌዳው ላይ ያፍስሱ። ከላይ የጀመረ ሰው ውሃው ሦስቱንም ቦታ በአንድ ጊዜ ስለሚያረጥብበት ከፈተናው ምንም አያገኝም።

ጥርጣሬው በጎማ ማሸጊያው ላይ ከሆነ ጠመኔ ይረዳል። ጎማው የሚያርፍበትን የክፈፍ ጠርዝ ዙሪያውን ጠመኔ ይቀቡ፤ ክዳኑን እንደ ወትሮው ዘግተው ይክፈቱና ጎማው ላይ የታተመውን መስመር ይመልከቱ። መስመሩ የተቋረጠበት ቦታ ጎማው ጠርዙን የማይነካበት ነው። በቀጭን ወረቀትም መሞከር ይቻላል፤ ወረቀቱን በጎማውና በጠርዙ መካከል አድርገው ክዳኑን ከዘጉ በኋላ ሲስቡት በሁሉም ቦታ ተመሳሳይ ኃይል ሊጠይቅ ይገባል።

ከመስኮቱ ጠርዝ የሚንጠባጠብ ውሃ ሁሉ በመስኮቱ የገባ እንዳልሆነም ማስታወስ ያስፈልጋል። በሸራው ምሰሶ ሥር ወይም በመደገፊያ ዘንግ ብሎን የገባ ውሃ በወለሉና በውስጠኛው የጣሪያ ልባስ መካከል ተንሸራቶ፣ ለመውጣት የሚመቸውን የመስኮቱን ቀዳዳ ሲያገኝ ይፈስሳል። ከዚህም ሌላ አሉሚኒየም ሙቀትን ፈጥኖ የሚያስተላልፍ ብረት በመሆኑ፣ በቀዝቃዛ ሌሊት የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ክፈፉ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠለጠላል። ዝናብም ማዕበልም ባልነበረበት ሌሊት ጠዋት ላይ የሚታይ እርጥበት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ መፍትሔውም አየር ማንሸራሸር እንጂ ማሸጊያ መቀየር አይደለም።

እጥበት

አክሪሊክ ጠንካራ ቢመስልም ገጹ በቀላሉ ይጫራል። የደረቀ የባሕር ጨው እንደ አሸዋ ስለሚፍቅ፣ ጨርቅ ከመንካቱ በፊት ሰሌዳው በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ከዚያም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ለስላሳ ሳሙና አሟሙተው፣ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ሳይጫኑ ይጥረጉትና ያለቅልቁት።

ከሳሙና ውጭ ስላለው ነገር ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ መስጠት እፈልጋለሁ። አሴቶን፣ አልኮል፣ ቤንዚን እንዲሁም አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ አክሪሊክን ይጎዳሉ። ሰሌዳው ሲቆረጥ፣ ሲበሳና ሲታሰር በውስጡ የሚቀር ውጥረት አለ፤ እነዚህ ፈሳሾች ሲነኩት ውጥረቱ በሺህ የሚቆጠሩ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ሆኖ ይወጣል። ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ስለሚችል፣ ባለቤቱ ከወራት በኋላ ሰሌዳው በፀሐይ ብርሃን ሲብለጨለጭ ሲያይ ጥፋቱን ከዚያ ቀን እጥበት ጋር አያያይዘውም። ዲት የተባለው ንጥረ ነገር ያለበት የትንኝ መከላከያ ቅባትም ፕላስቲክን ስለሚያበላሽ፣ የተቀባ እጅ ሰሌዳውን እንዳይነካ መጠንቀቅ ደግ ነው።

ገጹ ላይ ያሉ ቀላል ጭረቶችን ማስወገድ ይቻላል። ባለ 800፣ ከዚያ ባለ 1200፣ በመጨረሻም ባለ 2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያረጠቡ በየተራ ይፍጉና ለአክሪሊክ በተሠራ መወልወያ ይጨርሱት። ወደ ውስጥ የዘለቁ ስንጥቆች ግን በመወልወል አይጠፉም፤ እንዲህ ያለው ሰሌዳ ጥንካሬው ስለቀነሰ መለወጥ አለበት።

የፀሐይ ልብስ

ለወለል መስኮት ከሚደረጉ ነገሮች ሁሉ በትንሽ ወጪ ትልቅ ጥቅም የሚሰጠው፣ በእኔ አመለካከት፣ የጨርቅ ሽፋን ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሰሌዳውን ብቻ ሳይሆን ጎማውንና የማጠፊያውን የፕላስቲክ ክፍሎች ያደርቃል፤ ጀልባው ቆሞ በሚውልባቸው ረጅም ቀናት ይህን ጨረር መከልከል የክፍሎቹን ዕድሜ በብዙ ያራዝማል።

ሽፋኑን ራስዎ መስፋት ይችላሉ። ለጀልባ ሽፋን ከሚሸጠው፣ ጨረርን ከሚቋቋም ጨርቅ ቀለሙ ፈካ ያለውን ይምረጡ፤ ጥቁር ጨርቅ ሙቀቱን ሰብስቦ ከሥሩ ያለውን ሰሌዳ ያግላል። የክዳኑን ርዝመትና ወርድ ከለኩ በኋላ፣ ጎማው ያለበት ጎንም ጥላ እንዲያገኝ በአራቱም አቅጣጫ የክዳኑን ከፍታና ለእጥፋት የሚሆን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምሩ። በጠርዙ እጥፋት ውስጥ ላስቲክ ያስገቡ። ሽፋኑን ለማሰር ወለሉን በብሎን መብሳት አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ አዲስ ቀዳዳ አዲስ የውሃ በር ነው። ላስቲኩ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከውስጥ ያለ ሰው ክዳኑን ገፍቶ ሲከፍት ሽፋኑ ተንሸራቶ ይወልቃል። መውጫን የሚያስር ሽፋን ምንም ያህል ቢያምር መደረግ የለበትም። ከማልበስዎ በፊት ሰሌዳው ታጥቦ ይድረቅ፤ በሽፋኑና በሰሌዳው መካከል የቀረ አሸዋ ነፋስ ጨርቁን ባነቃነቀ ቁጥር ይሞርደዋል።

የጎማ ማሸጊያው

ጎማውን በየጊዜው በሳሙና ውሃ ጠርገው ካደረቁት በኋላ በጣም ስስ የሆነ የሲሊኮን ቅባት ይቀቡት። ቫዝሊንና የሞተር ዘይት ከነዳጅ ዘይት የሚገኙ በመሆናቸው ብዙ የጎማ ዓይነቶችን ያሳብጣሉ፤ አይጠቀሙባቸው። እጀታው ክዳኑን የሚጫነው ጎማው በመጠኑ እስኪታመቅ ድረስ ብቻ ነው። ውሃ ሲገባ የበለጠ ማጥበቅ ለጥቂት ሳምንታት ይረዳ ይሆናል፤ ነገር ግን የተጨፈለቀው ጎማ ወደ ቅርጹ አይመለስም፤ ከዚያ በኋላ የባሰ መጥበቅ ይጠይቃል፣ በመጨረሻም ሰሌዳው ራሱ ይጎብጣል።

በጣት ሲጫኑት የማይመለስ፣ የደረቀ ወይም ማዕዘኑ ላይ የተሰነጠቀ ጎማ ይለወጣል። አሮጌውን ነቅለው የቀረውን ማጣበቂያ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ያንሡ። አዲሱን ሲገዙ ከአሮጌው ቁራጭ ይዘው ቅርጹንና ውፍረቱን ያመሳክሩ፤ ከልክ በላይ የወፈረ ጎማ ክዳኑን ከማጠፊያው በኩል ያነሣዋል። ወደ ቦታው ሲያስገቡት አይጎትቱት፤ የተለጠጠ ጎማ ቆይቶ ሲሰበሰብ መጋጠሚያው ይከፈታል። እንዲያውም ጥቂት ሚሊ ሜትር አስረዝመው ቆርጠው፣ ሁለቱ ጫፎች እርስ በርሳቸው እየተገፋፉ እንዲገናኙ ያድርጉ። መጋጠሚያው በማጠፊያው በኩል ባለው ቀጥተኛ ጎን መካከል ይሁን እንጂ ማዕዘን ላይ አይዋል፤ ጫፎቹንም ለጎማው ዓይነት በሚስማማ ማጣበቂያ ያያይዟቸው።

ማጠፊያውና እጀታው ብዙ አይጠይቁም፤ ጨውን በንጹሕ ውሃ ማጠብና የላሉ ብሎኖችን ማጥበቅ ይበቃቸዋል።

ሰሌዳውን እንደገና ማሸግ

የአክሪሊክ ሰሌዳ በሙቀት ይለጠጣል፣ በብርድ ይሰበሰባል። ለእያንዳንዱ 1 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለውጥ አንድ ሜትር አክሪሊክ 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል ሲረዝም፣ አሉሚኒየም የሚረዝመው 0.023 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሰሌዳ ከያዘው ክፈፍ 1 ሚሊ ሜትር ያህል በልጦ ይንቀሳቀሳል። ይህን እንቅስቃሴ የሚሸከመው በመካከላቸው ያለው ሲሊኮን በመሆኑ፣ ሲሊኮኑ በቂ ውፍረት ከሌለው ከአንዱ ወገን ይላቀቃል። ከላይ ሌላ ሲሊኮን መደረብም ዘላቂ አይሆንም፤ አዲስ ሲሊኮን በአሮጌ ሲሊኮን ላይ በደንብ አይጣበቅም።

ሥራው በክዳኑ መፍታት ይጀምራል። አሮጌውን ሲሊኮን በቀጭን ምላጭ ዙሪያውን ቆርጠው ሰሌዳውን ቀስ ብለው ያውጡ፤ ክፈፉንም አንድም ቅሪት እስከማይታይበት ድረስ ይፋቁ። ብቻውን የቀረውን የአሉሚኒየም ክፈፍ በአልኮል መጥረግ ይቻላል፤ ሰሌዳውን ግን በሳሙና ውሃ ብቻ ያጽዱት። አዲስ ሰሌዳ የሚያስቆርጡ ከሆነ ውፍረቱ ከነበረው ጋር እኩል ይሁን፤ በትናንሽ ጀልባዎች ላይ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ነው። ፖሊካርቦኔት የተባለው ሌላው ፕላስቲክ ምት በመቋቋም ከአክሪሊክ ይበልጣል፤ ነገር ግን በቀላሉ ይጫራል፣ መከላከያ ልባስ ከሌለውም በፀሐይ ቢጫ ይሆናል።

ከማሸግዎ በፊት ሰሌዳውን በደረቁ ገጥመው በዙሪያው ያለው ክፍተት እኩል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሰሌዳው ከክፈፉ ጋር እንዳይነካካ ከሥሩ ትናንሽ የጎማ ቁራጮች ያኑሩ፤ የሰሌዳውንና የክፈፉን ጠርዞች በወረቀት ቴፕ ይሸፍኑ። የሚያስፈልገው ለሕንፃ መስታወት መያዣ የሚሆን፣ እንደ ኮምጣጤ የማይሸት ሲሊኮን ነው፤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ ብረትን ይበላል። ፖሊሰልፋይድ የተባለው ማሸጊያ ደግሞ አክሪሊክን ስለሚጎዳ እዚህ ቦታ አይገባም። ሲሊኮኑን ሳይቆራረጥ አፍስሰው ሰሌዳውን በቀስታ ያሳርፉ፤ አየር እንዳይቀር ክፍተቱን ከላይ ሞልተው በእርጥብ ጣት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ያለስልሱ፤ ቴፑንም ሲሊኮኑ ቆዳ ከማውጣቱ በፊት ይላጡ። ክዳኑ ሳይነካ ለአንድ ሳምንት ያህል ይቀመጥ።

የታችኛውን ክፈፍ እንደገና መትከል

ፈተናው ውሃው በወለሉና በክፈፉ መካከል እንደሚገባ ካሳየ ነገሩን ሳያውሉ ሳያሳድሩ ይያዙት። የብዙ ጀልባዎች ወለል በሁለት የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል ባልሳ የተባለ ቀላል እንጨት ወይም ፎም የያዘ ነው፤ በብሎን ቀዳዳ የገባ ውሃ ባልሳውን ቀስ በቀስ ያበሰብሰዋል። ክፈፉን ነቅለው ቀዳዳዎቹን ይመርምሩ፤ የረጠበ ነገር ካለ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ከዚያም እያንዳንዱን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ አስፍተው በወፈረ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሾች ሲቀላቀሉ የሚጠነክር ሙጫ) ይሙሉትና ሲጠነክር በኢፖክሲው መካከል በልኩ ይብሱት። ከዚህ በኋላ ብሎኑ ቢያፈስም ውሃው የሚያገኘው እንጨትን ሳይሆን ኢፖክሲን ነው።

ክፈፉን ለመትከል የቡቲል ቴፕ የተባለውን ለስላሳ፣ የሚጣበቅ የጎማ ማሸጊያ እመርጣለሁ፤ ሳይደርቅ ለዓመታት ይለጠጣል፣ ወደፊትም ክፈፉን ለማንሣት አያስቸግርም። ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ብሎኖች አሉሚኒየምን ሲነኩ በጨው ውሃ ውስጥ አሉሚኒየሙ ስለሚበላ፣ ብሎኖቹን ለዚሁ በተሠራ መከላከያ ቅባት ነክረው ያስገቡ። ብሎኖቹን በካቻቢቴ ተራ በተራ በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ፤ ቡቲሉ ቀስ ብሎ ስለሚሸሽ በማግስቱም ይድገሙት። ክፈፉ የሚያርፍበት ወለል ጠፍጣፋ ካልሆነ ግን መጀመሪያ በኢፖክሲ ይስተካከል፤ በብሎን ኃይል የተጣመመ ክፈፍ ከክዳኑ ጋር ከቶ አይገጥምም።

በጉዞ ላይና በማቆያ

ነፋስና ማዕበል ሲበረታ ሁሉም የወለል መስኮቶች ተዘግተው እጀታቸው ይቆለፍ። የተከፈተ ክዳን የሸራ ገመድ ሲይዘው ማጠፊያው በአንድ ምት ይሰበራል። እ.ኤ.አ. በ1979 በተካሄደው የፋስትኔት የጀልባ ውድድር 303 ጀልባዎች ተነሥተው በማዕበል 15 ተወዳዳሪዎች ሞተዋል፤ ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርመራ በአንዳንድ ጀልባዎች ላይ የመግቢያው መዝጊያ ሳንቃዎች ወልቀው ውሃ ወደ ውስጥ እንደገባ አመልክቷል። ትንሽ የሚመስል መዝጊያ የጀልባው አካል ግድግዳ ያህል ቁም ነገር እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም። ውስጥ ሰው እያለ ደግሞ ክዳኑን ከውጭ መቆለፍ ፈጽሞ አይገባም።

ጀልባው ለወራት ሳይንቀሳቀስ የሚቆይ ከሆነ መስኮቱን ያጥቡ፣ ጎማውን ጠርገው ስስ ቅባት ይቀቡ፤ እጀታውንም ክዳኑ ተዘግቶ ጎማውን በጥቂቱ ብቻ እስኪነካ ድረስ ያላሉትና ሽፋኑን ያልብሱት። ወደ ባሕር ከመመለስዎ በፊት እጀታውን ወደ ቦታው መልሰው የጠመኔውን ፈተና አንድ ጊዜ ይድገሙ።