ባሕር ዳር ላይ መኪናን ትቶ በሳይክልና በእግር መመላለስ፦ ከአመራረጥ እስከ ጥገና

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ከጊዮርጊስ ተነስቶ አባይ ድልድይ ለመድረስ ወይም ከቀበሌ 14 ፔዳ ግቢ ለመግባት ትንፋሽ የሚቆርጥ ዳገት የለም። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ጠዋቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ በትልልቆቹ መንገዶች ዳር ደግሞ ዘንባባ አለ። እንዲህ ባለ ከተማ ሳይክል ጀምሮ የሚተው ሰው በስንፍና የሚተው አይመስለንም። ጉልበቱን ያመዋል፣ ጎማው በየሳምንቱ ይተነፍሳል፣ ሐምሌ ሲገባ ፍሬኑ አልይዝ ይላል፤ ከዚያ ወደ ባጃጁ ይመለሳል። ሦስቱም መፍትሔ አላቸው፤ ከዚህ በታች ያለውም በአብዛኛው ስለ እነሱ ነው።

የትኛው ጉዞ ይቀየር?

መኪና ያለው ሰው መኪናውን ይሽጥ አንልም። ደብረ ታቦር ለቅሶ ለመድረስ መኪና ያስፈልጋል። መነካት ያለበት አጭሩ ጉዞ ነው፦ ሥራ ቦታ፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ። ሞተር ሳይሞቅ ከወትሮው የበለጠ ነዳጅ ይበላል፣ ጭሱም የከፋ ነው፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዶ የሚቆም መኪና ደግሞ በቅጡ ሳይሞቅ መንገዱን ይጨርሳል።

ሒሳቡን እናስላው። በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚፈጅ መኪና በቀን ደርሶ መልስ 6 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 0.6 ሊትር ያቃጥላል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በዓመት 50 ሳምንት ሲባዛ 150 ሊትር ይሆናል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣው፣ ከዚህ አጭር መንገድ ብቻ በዓመት 345 ኪሎ ግራም ወደ አየር ይገባል ማለት ነው። ለእኛ ከተማ ደግሞ ከዚህም የቀረበ ጉዳይ አለ። አስፋልት ላይ የተንጠባጠበ ዘይትና መኪና የታጠበበት እጣቢ በክረምት ጎርፍ ተጠርጎ መሄጃው ጣና ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበው ሐይቅ እምቦጩ አንሶት ይህን መጨመራችን ያንገበግባል።

እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያለውን በእግር፣ ከዚያ በላይ እስከ ስድስት ኪሎ ሜትር ያለውን በሳይክል ማድረግ ለብዙ ሰው ይመቻል። በእግር አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ከ18 እስከ 20 ደቂቃ ነው፤ በሳይክል ሦስት ኪሎ ሜትር ሳይቸኩሉ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ሥራው 15 ደቂቃ የሚርቅ ሰው በመመላለስ ብቻ በአምስት ቀን ይሞላዋል። መካከለኛ የሚባለው እየሄዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። ለረጅም ጊዜ እንቅስቃሴ ያልነበረው ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ይጀምርና በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን ይጨምር። የደረት ሕመም፣ የልብ ሕመም ወይም ያልተረጋጋ የደም ግፊት ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ለስኳር ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከኪሱ ከረሜላ ወይም ስኳር አይለይ፤ እንቅስቃሴ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ያወርዳልና።

ያገለገለ ሳይክል ሲገዙ

ለከተማዋ ውስጥ ባለ አንድ ማርሽ ሳይክል ይበቃል። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ መውጣት ለሚፈልግ ብቻ ማርሽ ያለው ይሻላል። ልኩን ለማወቅ ከመቀመጫው ፊት ሁለቱን እግር መሬት አስረግጦ መቆም ነው፤ በላይኛው ብረትና በጭን መገናኛ መካከል ከሦስት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ቀሚስ ለሚለብሱ ሴቶች የላይኛው ብረት ዝቅ ያለውና ካቴናው በክዳን የተሸፈነው ይመቻል።

ብር ከመቁጠር በፊት አራት ነገር ይፈትሹ። የፊት ፍሬኑን ጨብጠው ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉ፤ መሪው ሥር “ቀጭ” ካለ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም አልቋል። ፔዳሉ የታሰረበትን ክንድ ይዘው ወደ ጎን ይነቅንቁት፤ መነቃነቅ የለበትም። ሁለቱንም ጎማ አንስተው ያሽከርክሩና ቸርኬው ከፍሬን ላስቲኩ ጋር ያለውን ክፍተት ይዩ፤ አንዴ እየቀረበ አንዴ እየራቀ ከሆነ ሽቦዎቹ መወጠር አለባቸው፤ ይህ በቀላሉ ይሠራል። የማይሠራው የፍሬም ስንጥቅ ነው። ብረቶቹ የተበየዱበትን ቦታ፣ በተለይ ከመሪው ሥር፣ በጨርቅ ጠርገው ይመልከቱ፤ ቀለሙ በቀጭኑ ከተሰነጠቀ ወይም ዝገት ከመስመሩ እየወጣ ከሆነ ርካሽ ቢሆንም ይተዉት።

የመቀመጫ ከፍታ

ከተማችን ውስጥ ብዙ ሰው መቀመጫውን ዝቅ አድርጎ ነው የሚነዳው፤ ሲቆም ሁለቱም እግሩ መሬት እንዲደርስ። የጉልበት ሕመም ዋና ምንጭ ይህ ነው። ጉልበት ብዙ ታጥፎ ሲገፋ ጫናው ሎሚው ላይ ያርፋል።

ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጡ፣ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ወደ ታች ያውርዱና ተረከዝዎን ያሳርፉበት። እግርዎ ቀጥ ካለ ልኩ ነው። በእግርዎ ፊተኛ ክፍል ሲረግጡ ጉልበትዎ ትንሽ እጥፍ ይላል፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። ዳሌዎ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ መቀመጫው ከልክ በላይ ከፍ ብሏል። ከጥቂት ቀን በኋላ ከጉልበት ፊት ለፊት ከተሰማዎት በግማሽ ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉ፤ ከጉልበት ጀርባ ከተሰማዎት በዚያው ልክ ዝቅ ያድርጉ። መቀመጫው በቆመበት ቧንቧ ላይ የተጫረው የመጨረሻ መስመር ከፍሬሙ ወጥቶ ከታየ ቧንቧው ሊሰበር ስለሚችል ረዘም ያለ ይግዙ። ሲቆሙ ደግሞ ከመቀመጫው ወደ ፊት ወርደው አንድ እግር መሬት ማስረገጥ ይልመዱ፤ ሁለት ቀን አይፈጅም።

ጎማ

ካላማዳሪ ባይበሳም ቀስ እያለ ይተነፍሳል፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን መንፋት ግድ ነው። ከጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ መጠን ሳያልፉ፣ 26 ኢንች በ1.95 ለሆነ ጎማና 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ደህና ነው። መንገድዎ በብዛት ኮብልስቶን ከሆነ ወደ 40 ይጠጉ፣ አስፋልት ከሆነ ወደ 50። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ለመኪና ጎማ የተሠራ ነው፤ የሳይክልን ትንሽ ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል። እዚያ ካስነፉ በአጭር በአጭሩ፣ በየመሃሉ በአውራ ጣት እየተጫኑ ይሁን። የእጅ መንፊያ መግዛት ይሻላል።

ሲበሳ የቀዳዳው ዓይነት ምክንያቱን ይናገራል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ከሆነ ጎማው ሳይነፋ ጉድጓድ ወይም ጠርዝ መትቶ ቸርኬው ቆንጥጦታል። በመሬቱ በኩል አንድ ቀዳዳ ከሆነ እሾህ ወይም ምስማር ነው። በቸርኬው በኩል ከሆነ የሽቦ ጫፍ ወግቶታል፤ ቸርኬው ውስጥ ያለው ላስቲክ ተንሸራቷል ወይም ተቀዷል፣ እሱ ካልተስተካከለ ነገም ይበሳል። አየር ማስገቢያው ሥር ከተቀደደ ጎማው ለስልሶ ሲነዳ ካላማዳሪው እየተንሸራተተ ተጎትቷል፤ ይህ አይለጠፍም፣ ይቀየራል።

ለመለጠፍ ካላማዳሪውን አውጥተው በትንሹ ይንፉና ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ያዙሩት፤ አረፋ የሚያወጣውን ቦታ በእስክሪብቶ ይክበቡ። ያድርቁት። መለጠፊያው ከሚያርፍበት ትንሽ ሰፋ አድርገው ወለሉ እስኪደበዝዝ በብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱት። ማስቲሽ በስሱ ይቀቡና ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። አብዛኛው ልጥፍ የሚላቀቀው እዚህ ላይ ስለሚቸኮል ነው፤ ማስቲሹ እርጥብ ሳለ ከተለጠፈ አይይዝም። በጣት ጀርባ ነካ ሲያደርጉት ሳይከተል ሲቀር ይለጥፉና መሃሉን በደንብ ይጫኑ። ካላማዳሪውን ከመመለስዎ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ይዳስሱ። በባዶ ጣት አይሞክሩት፤ እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ሊሆን ይችላል፣ ጨርቁን ሲይዘው ያገኙታል። ጎማውን ሲያስገቡ ካቻቢቴ አይጠቀሙ፣ ካላማዳሪውን ይበሳል፤ በእጅ ገፍቶ ማስገባት ይቻላል።

ካቴና እና ፍሬን

ካቴናውን በየሁለት ሳምንቱ፣ በክረምት በየሳምንቱ በደረቅ ጨርቅ ጠርገው በየመጋጠሚያው አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ያድርጉ፤ የስፌት መኪና ዘይት ይሆናል። ፔዳሉን ወደ ኋላ እያሽከረከሩ ጥቂት ይጠብቁና ከላይ የቀረውን ይጥረጉት። ወፍራም የሞተር ዘይትና ግራሶ አቧራ ሰብስበው ጥርሱን እንደ ሞረድ ይበሉታል። ማለቁን በሜትር ይለኩታል፦ ከአንዱ ፒን መሃል ጀምረው፣ የጀመሩበትን ሳይጨምሩ እስከ 24ኛው ፒን መሃል ሲለኩ አዲስ ካቴና 30.5 ሳንቲ ሜትር ነው። 30.65 ከደረሰ ይቀይሩት። 30.8 እስኪደርስ ከቆየ ጥርሱም አብሮ አልቋል፤ አዲሱ ካቴና እየዘለለ ያስቸግራል፣ ወጪውም ይጨምራል።

ፍሬን ሲጨበጥ እጀታው መሪውን መንካት የለበትም፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቅር። ላስቲኩ ቸርኬውን እንጂ ጎማውን አይንካ፣ ጎማውን እየበላ ያፈነዳዋል። ዝናብ ላይ የቸርኬ ፍሬን መጀመሪያ አይይዝም፤ ቸርኬው ላይ ያለው ውሃ መጠረግ አለበት። ስለዚህ ከመታጠፊያው ቀደም ብለው ቀለል አድርገው ይጫኑ፣ ውሃው ሲጠረግ አጥብቀው ይያዙ። ሁለቱንም ፍሬን አብረው ይጠቀሙ፤ የኋላው ብቻ መቆሚያውን ያስረዝማል፣ የፊቱ ብቻ በድንገት ሲያዝ ያስወድቃል።

መንገድ ላይ

ቀኝዎን ይዘው፣ ግን ከጠርዙ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀው ይንዱ። ጠርዙ ላይ ጠጠርና ክዳን የሌለው የውሃ መውረጃ አለ። ከቆሙ መኪኖች አንድ ሜትር ይራቁ፤ በር ድንገት ይከፈታል። ትልቁ ስጋት ግን ባጃጅ ነው፤ ተሳፋሪ እጁን ካነሳ ፊትዎ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ ይቆማል። ከኋላው ቢያንስ ሁለት ባጃጅ የሚያስገባ ርቀት ይጠብቁ፤ ሲያልፉት ዞር ብለው ኋላዎን ሳያዩ አይውጡ። ወደ አባይ ማዶ ለሚሻገር፣ ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ ለእግረኛና ለሳይክል የሚሆን መስመር ስላለው ያንን ይምረጡ።

ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል። ስለዚህ ወደ ሐይቁ የሚመለስ ሰው ከ9 ሰዓት በኋላ ንፋስ ፊቱ ላይ ነው፤ ማርሽ ካለዎት ይቀንሱ፣ ከሌለዎት አምስት ደቂቃ ጨምረው ይያዙ እንጂ አይታገሉት። ክረምት ላይ ዝናቡ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ነው፣ ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ይነዳል። ውሃ የተኛበትን ቦታ ጉድጓድ እንዳለበት ቆጥረው ይለፉት። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ያስፈልጋል፤ የስልክ መብራት ለሌላው አይታይም።

ነጠላ፣ ጋቢና ረጅም ቀሚስ የኋላ ጎማ ሽቦ ውስጥ ገብተው ሰው ይጥላሉ። ለቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ነጠላውን አጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይያዝና ደጀ ሰላሙ ላይ ይልበስ። ዕቃ መሪ ላይ አይንጠልጠል። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው፤ ከኋላ በአንድ ጎን ብቻ ከታሰረ ሳይክሉን ያዘማል፣ ሁለት አሥር ሊትር ግራና ቀኝ ማሰር ይቀላል። ዓቢይ ጾም ከዓመቱ ሞቃት ወራት ጋር ስለሚገጥም፣ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ራቅ ያለውንና ጭነት ያለበትን ጉዞ ጠዋት ያድርግ፣ ቀትር ላይ ግን በዝግታ። ራስ ካዞረ ወርዶ እየገፉ መሄድ ነው።

በእግር ሲሄዱ የእግረኛ መንገድ ከሌለ በግራ በኩል፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያዩ ይሂዱ። ሐይቁ ዳር ምሽት ላይ የሚሄድ፣ በተለይ በመስከረምና በጥቅምት፣ እጀ ረጅም ይልበስ፤ የወባ ትንኝ ወቅት ነው።

ሳይክል ሲቆም ቁልፉ ፍሬሙንና የኋላ ጎማውን አንድ ላይ ይዞ ከማይነቀል ብረት ጋር ይታሰር። የፊት ጎማ ብቻ ከታሰረ እሱን ፈተው ሌላውን ይወስዱታል። ከፔዳሉ መዘውር ሥር የተቀረጸውን የፍሬም ቁጥር ፎቶ አንስተው ከመግዣ ደረሰኙ ጋር ያስቀምጡ፤ ያገለገለ ከገዙም ከሻጩ ስምና ፊርማ ያለበት ወረቀት ይቀበሉ። ሳይክሉ ቢጠፋና ቢገኝ ፖሊስ የሚጠይቅዎት እሱን ነው።