የስንዴ አቅራቢ ዋጋ ሲንር ውል እንዳያፈርስባችሁ

አዳማ ለሚገኝ የዱቄት ፋብሪካ ስንዴ እገዛለሁ። የአቅራቢ ውል የሚፈተነው የገበያው ዋጋ የውሉን ዋጋ ጥሎ ሲሄድ ነው። ያን ጊዜ ስልክ አይነሳም፤ መኪናው ተበላሸ፣ ገበሬው አልሸጥም አለ ይባላል። ውሉን ስታረቅቁ ያን ሳምንት አስቡ።

ለስድስት ወር አንድ ዋጋ አትቁረጡ። ዋጋው በየወሩ መጀመሪያ ስማቸው በተጠቀሰ ገበያዎች፣ ለምሳሌ በአሰላና በሮቤ፣ በሚገኘው ዋጋ ይስተካከል። ማን እንደሚጠይቅ፣ በየትኛው ቀን እንደሚጠየቅ፣ ጭማሪው ከስንት በመቶ እንደማያልፍም ይጻፍ።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለውን፣ ውሉን ያልፈጸመን ወገን ከኃላፊነት ነጻ የሚያደርገውን አንቀጽ ቃል በቃል እንድታነቡ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1794፣ ተዋዋዮቹ በግልጽ ካልተስማሙ በቀር፣ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመርን ከአቅም በላይ አድርጎ አይቆጥርም። አቅራቢው ይዞት በሚመጣው ረቂቅ ውስጥ ግን «የገበያ መለዋወጥ» የምትል ሐረግ ተሸጉጣ ትገኛለች። ሰርዟት። ካለፈቻችሁ ሕጉ የሰጣችሁን ጥበቃ በገዛ ፊርማችሁ አስረከባችሁ ማለት ነው።

አቅራቢው ውሉን ባይፈጽም ባንክ እንዲከፍላችሁ የሚያስይዘው የባንክ ዋስትና ቅድመ ሁኔታ የሌለው ይሁን፤ የሚያበቃበት ቀንም ከመጨረሻው ርክክብ በኋላ ይሁን። ትክክለኛነቱን አቅራቢው በሰጣችሁ ስልክ ሳይሆን ባንኩን ራሱን በደብዳቤ ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

እርጥበትን ችላ የሚል ገዢ ውሃ ይገዛል። 400 ኩንታል የጫነ መኪና በውሉ 12.5 በመቶ ተብሎ 14.5 በመቶ ይዞ ቢመጣ፣ ከ9 ኩንታል በላይ የከፈላችሁበት ውሃ ነው። በዚያ ላይ ስንዴው መጋዘን ውስጥ ይሞቃል፣ ይሻግታል። ስለዚህ ስንት በመቶ ሲሆን ክብደት እንደሚቀነስ፣ ከስንት በላይ ሲሆን መኪናው እንደሚመለስ በቁጥር ጻፉ። ናሙና ከላይኛው ጆንያ ብቻ አይወሰድ፤ ከመሐልና ከታችም ይወሰድ። ከተቀላቀለ በኋላ ለሦስት ይከፈል፦ አንዱ ለእናንተ፣ አንዱ ለአቅራቢው፣ አንዱ ሁለታችሁ ፈርማችሁበት ታሽጎ ይቀመጥ። ሹፌሩ ቸኮልኩ ቢል እንኳ ሳይታሸግ አይራገፍ።

ጠቅላላውን መጠን ለአንድ ሰው አትስጡ። እኔ ሁለተኛውን አቅራቢ የምይዘው በትንሽ መጠን ነው፤ ግን በየወሩ በእርግጥ ከእሱ እገዛለሁ፤ በችግር ቀን ብቻ የሚደወልለት ነጋዴ ቅድሚያ አይሰጥም።

ርክክቡ በዘገየ ማግስት የመጨረሻ ቀን የተቆረጠለት ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ላኩ፤ መድረሱንም አስፈርሙ። ቀኑ ካለፈ ከሌላ ገዝታችሁ ደረሰኙን ያዙ፤ የዋጋ ልዩነቱን የምትጠይቁት በእሱ ነው።