ታማሚውን ትተን አስታማሚውን ስንሰማ፦ በሕክምና ቦታ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ተረኛ ነርስ በነበርኩበት አንድ ሌሊት አንድ ሰው ክንዳቸው የተጎዳ አሮጊት እናቱን ይዞ መጣ። የጠየቅኩትን ሁሉ የሚመልሰው እሱ ነው። «ማዘር ወድቃ ነው። ጃጅታለች፣ ሁሌም ትወድቃለች» አለኝ። እኔም ያንኑ ካርዱ ላይ ጻፍኩ። ቤት ውስጥ የሚበድላቸው ሰው ይኖር እንደሆነ እሳቸውን አንድም ቃል አልጠየቅኩም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላኛው ክንዳቸው ተሰብሮ ተመለሱ። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፦ አምጪውን ሰምቶ የመጣውን መተው። አስታማሚውን «ልንመረምራቸው ነው፣ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» ማለት ይበቃል። ከዚያ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ፣ ቤት ማን ነው የሚንከባከብዎት? የሚያስፈራዎት ሰው አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መስማት ለተሳነው ሰውም ቤተሰቡን አስተርጓሚ አናድርግ። በደሉን የፈጸመው ያው አስተርጓሚው ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው፣ የሕፃን ሰውነት በልዞ እያዩ «ልጅ አይደል፣ ተጋጭቶ ነው» ብሎ ማለፍ። ሮጦ የሚጫወት ልጅ ቅልጥሙና ግንባሩ ቢበልዝ አይገርምም። ገና መዳህ ያልጀመረ ሕፃን ግን የት ሄዶ ይጋጫል? ጆሮ፣ አንገት፣ ጀርባና መቀመጫ ላይ ያለ በለዝም ቆም ብሎ ማየትን ይጠይቃል። የደም አለመርጋት ችግርም ሊሆን ስለሚችል ቤተሰቡን ወዲያው አንወንጅል። የተነገረንን እንደ ወረደ፣ ከነሰዓቱ እንጻፍ። ሐኪሙንም እንጥራ።

በጣም የሚያመኝ ሦስተኛው ነው። ልጅ ስትደፈር መጀመሪያ ገላዋን ማጠብ፣ ቀጥሎ ሽማግሌ መላክ። ይህ በሽምግልና የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም፤ ወንጀል ነው። ሽማግሌዎቹ ሲመላለሱ ደግሞ ሰዓቱ ያልፋል። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ ሲሆን ይሻላል። ከዚያ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ስለዚህ ሳትታጠብ ትምጣ። የለበሰችው ልብስ ከተቀየረ፣ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ይምጣ። ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ማስረጃውን ያበላሻል። አዲስ አበባ ላይ እንደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያሉ ቦታዎች ሕክምናውን፣ ምክሩንና የፖሊሱን ጉዳይ በአንድ ማዕከል ይሰጣሉ። ልጅቷ ታሪኳን በየቢሮው እየደጋገመች እንዳትናገር ነው።

«ለማንም አልናገርም» ብሎ ለልጅ ቃል መግባትም ስህተት ነው። መናገራችን አይቀርምና አመኔታዋን እናጣለን። «አንቺን ለሚረዱ ሰዎች ብቻ ነው የምነግረው» እንበላት። «አጎትሽ ነው አይደል?» ብሎ መልስ አፏ ላይ ማስቀመጥም አይገባም። «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ዝም ማለት ነው።

በመጨረሻ ስለ ራሳችን። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ይታመናል ብለን ልጅን ከአንድ ባለሙያ ጋር ብቻዋን አንተዋት። ስትመረመር እናቷ ወይም ሌላ ሴት ባልደረባ አጠገቧ ትሁን። መጋረጃው ይዘጋ። እጃችንን ከማሳረፋችን በፊት የት እንደምንነካት እንንገራት።